ዛፍ ስልክ አይዘጋም

ሆን ብላ አልሰማችም። ላለመስማትም ግን ብዙ አልደከመችም። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ቆማ መስታወቱ የተሰቀለባቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ ስትነቅል፣ ከግድግዳው ወዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ልጇና ባሏ የሚያወሩት ጥርት ብሎ መጣ። ያ ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ተባለ እንጂ ከካርቶን አይሻልም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከዚህ ቤት «ይማርህ» የሚባልበት ነው። ልጅቷ ብርጭቆዎችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር፤ የወረቀቱ መንኮሻኮሽ ይሰማል። «አባዬ ደግሞ» አለች፤ «ለእሷም እኮ ይሻላታል። እዚያ ሄዳ ዛፎቹን ትጨነቅባቸው። ዛፍ መቼም ስልክ አይዘጋባትም።» አባትየው ሳቀ። ፈገግ ቢል አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ አፉን በእጁ ሳይሸፍን አልቀረም፣ ሳሉ ታፍኖ ነው የመጣው። እናትየው አንዱን ሚስማር በጥርሷ እንደነከሰች ደርቃ ቀረች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮም ሚስማር ነክሳ፣ ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር ተንጠልጥሎ፣ ትክ ብላ አየቻት። «ለመሆኑ ይቺን ሴትዮ ዛፍስ ይችላታል?» አለች በሆዷ።

ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልቆረቆራት። የሚያቃጥለው እውነት መሆኑ ነው። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ እናትየው በየቀኑ ትደውልና ጥያቄዎቿን ትደረድራለች። ደረስሽ? በላሽ? በሩን ቆልፈሻል? ልጅቷ «ሰው ቆሞብኛል» ብላ ትዘጋለች። እናትየው ትንሽ ትታገስና፣ ያ የቆመው ሰው ሄዷል ብላ ስታስብ ደግማ ትደውላለች። አንድ ቀን ልጅቷ አላነሳ ብትላት በመድኃኒት ቤቱ ቁጥር ደወለች። ድምጿን ወፈር አድርጋ የሳል ሽሮፕ እንዳለ ጠየቀች፤ ቀጥላም፣ ነገሩ ድንገት ትዝ ያላት ይመስል፣ ያቺ ረዘም ያለችው ሻጭ ዛሬ ገብታ እንደሆነ ጠየቀች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «ገብታለች፣ የእሷ እናት፤ ምሳም በልታለች» አሏት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደመና አይታ ጃንጥላ ይዛ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመች። ዝናቡ ሲወርድ ተንደርድራ ጃንጥላዋን የዘረጋችው የሌላ ሰው ልጅ ላይ ነበር። ያቺም ጨዋ ልጅ ሆና፣ አመስግና፣ እስከ ደጃፏ ድረስ ተሸኘች፤ የራሷ ልጅ ግን በስብሳ ገባች። ባሏ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና «ተቆጣጣሪዋ» ይላታል፤ መሀል መንገድ ላይ ድንገት ተሳፍረው ቲኬት አሳዩን በሚሉት ሰዎች ስም። እሷ ግን ልጇን ያሳደገቻት ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች ነው፤ ልጅቷም ሳትመነጠር አድጋለች። ታዲያ ይሄ ጥፋት ነው?

አሁን ባሏ ጡረታ ወጣ። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከከተማው ርቆ ያለውን የኮክ እርሻ መንከባከብ አቅቶት ወደ ልጆቹ ሊጠጋ ሲል «ና ተረከበኝ» አለው። ነገሩ በዚያው አለቀ። ልጅቷ ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ የቤቱ ዕቃ ለሁለት ተከፈለ። እናትየው ጨርሶ አልተጠየቀችም ማለት አይቻልም፤ «አየሩን ብታዪው!» ተብላለች፤ ይሄ እንደ ጥያቄ ከተቆጠረ። አንድ ነገር ግን ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ትገባለች። በዚህ ዕድሜዋ ፊደል ቆጥራ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኘችውን ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ ባሏ ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ ያሳፍረው ጀምሯል። «ትምህርቴስ?» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ በአንድ በኩል ሙሉ የኮክ እርሻ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የአንዲት ባልቴት ሀ ሁ ሂ ሆኖ ታያትና፣ ሚዛኑ አሳፍሯት አፏን መልሳ ከደነች። ባሏ ሳትጠይቀው «እዚያ ሆነሽ ታነቢያለሽ» አላት። ምኑን? አላለችም።

ከበርጩማው ስትወርድ ግን ቆርጣ ነው የወረደችው። ዛሬ ማንንም ምንም አልጠይቅም። አልደውልም። «አልጨነቅም» የሚለውንም ልትጨምርበት ነበር፤ ባልችለውስ ብላ ተጨነቀችና ተወችው።

ቀይ የጭነት መኪና ተከራይተው ነበር። ተሸካሚዎቹ ደረጃውን አንጋጠው አይተው «ፎቅ ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው» አሉ፤ ባሏ እንደ ልማዱ ተከራከረ፤ እንደ ልማዱም ተሸነፈ። ፍሪጁ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ተንጋዶ ሲወርድ በሩ ተከፍቶ እንደ ሰካራም ክንድ ሲወዛወዝ እናትየው ምላሷን ነከሰች። አልጋው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲወተፍ ሁለተኛ ነከሰች። የመጋረጃ ዘንጎቹን ብቻ ለማንም አልሰጠችም፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው እውነት ሆኖ ሲነቅሏቸው ግማሹ ግድግዳ አብሮ መጥቷል። የሚሄዱበት ቤት አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው እያወቀች ሁሉንም አሥራ በብብቷ ያዘች። ባሏ በጎን ሲያያት ቆየና ጠጋ አለ።

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ፍሪጁ ሲወርድ ምነው አልጮህሽ?»

ልጅቷ የእሷን ድርሻ ካርቶን በእግሯ መሀል አድርጋ መኪናው አጠገብ ቆማለች። ዓይኖቿ እናቷ ላይ ናቸው። መልሶቹን አዘጋጅታ ጥያቄዎቹን የምትጠብቅ ተማሪ ትመስላለች፤ አዎ እደውላለሁ፣ አዎ እበላለሁ፣ አዎ እቆልፋለሁ። እናትየው አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ሹራቧ ስስ መሆኑን በእጇ አወቀች፤ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አደረገችው፤ ከዚያ ለቀቀችው። «በይ ደህና ሁኚ» አለች። ልጅቷ «በቃ?» አለች። እናትየው «በቃ» አለችና፣ ዘንጎቿን እንዳቀፈች ጋቢናው ውስጥ ገብታ ወደፊት አየች። በጎን መስታወቱ ግን ልጅቷ እስክትሰወር ድረስ ነው ያየቻት፤ የሹፌሩን መስታወት ወደ ራሷ አዙራ፤ ሹፌሩ ኋላውን ማየት አቅቶት እስኪቆጣ።

መንገዱን ሁሉ ባሏ ነዳ ማለት ይቻላል። መሪው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ፍሬኑን ግን እሱ ባዶው ወለል ላይ ይረግጣል፤ «ቀይ ነው፣ ቀይ ነው» ይላል፤ ኩርባ ሲመጣ ትከሻውን ያዘማል። እሷ ደግሞ በመስኮቱ ታነባለች። በመጀመሪያ የሚነበበው ነገር በዝቶ ዓይኗ አልደርስ አላት፤ ጎማ ይጠገናል፣ ሰፊ አዳራሽ አለን፣ መሽናት ክልክል ነው፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ላይ «ቀስ በል» የሚል አየች፤ ከዚያ በኋላ ሣር ብቻ ሆነ። ባሏ የእርሻውን መግቢያ ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ፤ በራሱ ቀልድ ከማንም በፊት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። የጠዋቱ ሳቁ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍልና አንዲት የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ከወዲያ በኩል ሰው ቢታረድ አይሰማም። ይሄ መጽናኛ ይሁን ስጋት አልለየላትም። በመስኮቱ በኩል ኮኮቹ ይታያሉ፤ ዝቅ ዝቅ ብለው፣ ቅርንጫፋቸው ወደ መሬት ተጎንብሶ፣ በየቀንበጡ ላይ አረንጓዴ እንጭጭ ተጨናንቆ። ያምራሉ፤ አልካደችም። አንድም ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ስልኳን ከኪሷ አወጣችና አየችው። ማንም አልደወለም። ደግማ ልታየው መሆኑን ስታውቅ፣ በዚህ አኳኋን መሐላው እስከ ምሳም አይደርስም ብላ ድስት ውስጥ ጨመረችውና ክዳኑን ገጠመችበት፤ ድስቱንም መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀለችው።

ከዚያ ብርጭቆ መፍታት ጀመረች። ሥራው የአንድ አፍታ ነበር፤ ጋዜጣውን ባታነብ። እያንዳንዱን ብርጭቆ ትፈታና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ትደለድለዋለች፤ ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች ትንፋሿ እስኪያልቅ ትሄዳለች። አብዛኛው የማይረባ ነበር፤ የሚሸጥ ቪላ፣ የጠፋ መንጃ ፈቃድ። አንዱ ግን ያዛት። ባለቤት የሌለው ውሻ ነው፤ በየጠዋቱ ፌርማታው ላይ ከሰው ጋር ተሰልፎ፣ ተራውን ጠብቆ አውቶቡስ ላይ ይወጣል፤ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ሥር ይተኛል፤ ማንንም አይነካም። ሰዉ ሁሉ የት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። አንድ ቀን ግን አንዲት ተሳፋሪ እስከ መጨረሻው ልትከተለው ወስና «ውሻው በመጨረሻ የወረደው» ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። እናትየው የቀሩትን ብርጭቆዎች በሙሉ እንደ ሌባ እየተቻኮለች ፈታች። ሳህኖቹንም ፈታች። የለም። ቀሪው ግማሽ የልጅቷን ድርሻ ጠቅልሎ ከተማ ቀርቷል።

«ስማ» አለችው ባሏን፤ «አውቶቡስ ላይ የሚሳፈር ውሻ ታውቅ ነበር?»

«አንድ ብቻ ነው? እኔ መስመር ላይ የማላውቀው ውሻ አለ?»

«የት ነበር የሚወርደው?»

«እ... መጨረሻው ነዋ። ሥጋ ቤቱ ጋ።»

ውሸቱን እንደሆነ ዓይኑን አይታ አወቀች። ምሳቸውን ዳቦና እንቁላል በሉ፤ እሱ ስለ አየሩ አወራ፤ እሷ ስለ ውሻው አሰበች። እንደ እውነቱ ስለ ውሻው ብቻ ብታስብ ደህና ነበር።

ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸው መጡ። ከአጥሩ ማዶ የራሳቸው እርሻ ያላቸው አሮጊት ናቸው፤ የዛፍ መቀስ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ አገሩ ሁሉ «እትዬ መቀስ» ይላቸዋል፤ ይሄንንም ራሳቸው ናቸው የነገሯት። «ይግቡ እንጂ» ብትላቸው «ምን እገባለሁ፣ ዛፉ እያለቀሰ!» አሉና እጇን ይዘው ወደ ኮኮቹ ወሰዷት። የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ቆመው ወገባቸውን ይዘው አንጋጠጡ። «አንተ ስግብግብ!» አሉት። «ይሄን ሁሉ ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው? አንተን ብሎ አባት!» ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ ዛፍ ካልተሰደበ እንደማያፈራ ነገሯት። የሰጧት ሁለተኛው ምክር ግን ከዚህ የባሰ ነበር።

«በአንዱና በአንዱ መሀል አንድ ጋት» አሉ፤ አራት ጣታቸውን ገጥመው ቀንበጡ ላይ አስተኙት። «መሀል ላይ ያለውን ቀጭተሽ ትጥያለሽ። የባልሽ ወንድም ወገቡን ቢያመው ትቶት ነው እንጂ ጊዜው አልፏል። ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።»

«ደህናውን ፍሬ ልጣለው?»

«ደህናውን።»

«ግን የትኛው ደህና እንደሚሆን በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም። ማን ያውቃል? ትቀጪያለሽ ነው የምልሽ!»

እትዬ መቀስ አንድ ቀንበጥ ላይ እጃቸውን ሸርተት አደረጉት፤ እንጭጮቹ ጠብ ጠብ ጠብ አሉ። እናትየው ጎንበስ ብላ ለቀመቻቸው። መዳፏ ውስጥ ጠጉራም ጠጉራም፣ ገና ዓይናቸውን ያልገለጡ ቡችሎች ይመስላሉ። አሮጊቷ ሲሄዱላት ወደ ቀንበጡ ተጠጋች፤ አምስቱ ስድስቱ ተጠጋግተው በአንድ አልጋ እንደተኙ ልጆች አንዱ በአንዱ ላይ እግሩን ጥሏል። የቱን ነው የምትቀጨው? ይሄን ትንሹን? ትንሽ ስለሆነ? ምናልባት እሱ እንደሆነስ የሚጣፍጠው? እጇን ሰደደች፤ መለሰች። ደግሞ ሰደደች። «የሚከብዳቸው ከሆነ ይደገፋሉ እንጂ ለምን ይሞታሉ» አለች ለራሷ፤ ነገሩም ትክክል መሰላት። እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ ለአሮጊቷ ዕድሜ ልካቸውን አለመምጣቱም ገረማት።

ወደ ቤት ሮጠች። የመጋረጃ ዘንጎቹ ለምን አብረዋት እንደመጡ አሁን ገባት። ዘንጎቹን ከየቅርንጫፉ ሥር ተከለች፤ አፈሩን በእግሯ ረገጠች። ዘንግ ሲያልቅ የወለል መወልወያውን እንጨት አመጣች። መጥረጊያውን አመጣች። ባሏ እግሩ ተሰብሮ የነበረ ጊዜ የያዘውን ክራንች አመጣች። የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ዘርግታ አንድ የተጎነበሰ ቅርንጫፍ አስተኛችበት፤ እንዳይላጥም ትራስ አደረገችለት። ባሏ ከቤት ወጥቶ ሲያይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«ዛፉ ሆስፒታል ገባ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ያንን ወንበር አቀብለኝ።»

የቀረው ጥግ ላይ ያለው ነበር፤ ከሁሉም የበዛበት፣ ቅርንጫፉ ጫፉን ሣሩ ላይ የጣለ። ለእሱ ብላ ያስቀረችውን ረጅሙን የመጋረጃ ዘንግ አመጣች። ከሥሩ አስገብታ ወደ ላይ ገፋችው። ከፍ አለ። ደስ አላት። ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ አየር ያገኛል ብላ ትንሽ ገፋችው። ከዚያ ፀሐይም ቢያገኝ ምን አለበት አለችና ጥቂት ጨመረች። ከዚህ በላይስ ይቅርበት ብላ፣ የመጨረሻ፣ ትንሽ...

ጧ አለ።

ቅርንጫፉ ከነሙሉ ፍሬው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ቅጠሉ ውስጥ ተቀብራ ትንሽ ቆየች። ባሏ ሲሮጥ፣ «ተጎዳሽ ወይ? ተጎዳሽ ወይ?» ሲል ሰማች። አልተጎዳችም። የተገነጠለውን ቦታ አየችው፤ እንጨቱ ነጭ፣ እርጥብ፣ ልክ እንደ ሥጋ። ነፋስ አልሰበረውም። ሸክሙም አልሰበረው፤ እሱን እስከ ዛሬ ችሎት ነበር። ደጋፊው ነው የሰበረው። ይሄ ነገር ማንን እንዳስታወሳት አትጠይቁ፤ እንኳን ለእሷ ለዛፉም ሳይገባው አልቀረም። ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ዘንጉን እንደያዘች መሳቅ ጀመረች። ባሏ አብሯት ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያየው ተወው። እንባዋ ይወርድ ነበር። «ጠዋት ለምን ሳቅህ?» ልትለው ነበር። ይልቁንስ «እነዚህን እንጨቶች ንቀልልኝ» አለችው። እሱም ክራንቹን ነቅሎ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትራሱን አራግፎ፣ አንድም ቀልድ ሳይናገር ወደ ቤት ወሰዳቸው። ከእሱ ይሄ ይቅርታ ነው።

የመጀመሪያውን እንጭጭ ስትቀጭ «ይቅርታ» አለችው፤ በድምፅ። ሁለተኛውንም። አራት ጣቷን ገጥማ ታስተኛለች፣ መሀል ያለውን ትቀጫለች፣ ታልፋለች። የመጀመሪያው ዛፍ ላይ ለእያንዳንዱ ምክንያት ፈለገችለት፤ ይሄ ጠባሳ አለው፣ ይሄ ጥላ ውስጥ ነው፣ ይሄ አኩራፊ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ምክንያቱ እያለቀባት መጣ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ለመደና ራሷን «አንተ ስግብግብ!» ስትል ሰማች። ዞር ብላ አየች፤ ማንም አልነበረም። ስለዚህ ደገመችው። እውነታቸውን ነው አሮጊቷ፤ ዛፉ ባያፈራ እንኳ የሚሰድበው ሰው ይቀለዋል። የተቃለለው ቅርንጫፍ ደግሞ ሳይገፋ፣ ሳይደገፍ፣ ራሱ ቀስ እያለ ከእጇ በላይ ከፍ ይል ነበር። ሣሩ አረንጓዴ ጠጠር የተበተነበት መሰለ። ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ስትጠጋ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች፤ ያኔ ነው አንድ ነገር ድንገት የመታት። ለረጅም ጊዜ ስለ ልጇ አላሰበችም። እናት ሆና? አለመጨነቋ እንደዚህ አስጨንቋት አያውቅም። ወደ ቤት ሮጣ፣ ድስቱን አውርዳ ክዳኑን ከፈተች።

የስልኩ ፊት ሙሉ ጽሑፍ ነበር። ልጄ። ልጄ። ልጄ። ልጄ። ከላይ እስከ ታች ያመለጧት ጥሪዎች ተደርድረው፣ አንዱ ካንዱ ሥር፣ የማታው ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፈው። ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከጋዜጣው ሌላ እዚህ ቦታ ላይ ያገኘችው የመጀመሪያ የሚነበብ ነገር ነው። አንድም ፊደል አልሳተችም። ስልኩ እጇ ላይ እንዳለ ጮኸ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? ቀኑን ሙሉ! አባዬም አያነሳ!»

«የአባትሽ ስልክ የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገባ አልታወቀም።»

«ደርሳችኋል?»

«ደርሰናል።»

«በላሽ?»

«በላሁ።»

«ምን በላሽ?»

ይሄኛውን እናትየው ራሷ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሏል ይሄ ነው። ልጅቷ ትንፋሽ ሳትወስድ ቀጠለች፤ መንገድ ላይ ገደል የገቡ መስሏት ነበር፤ የጭነት መኪናውን ባለቤት ቁጥር ፈልጋ ደውላ፣ ዕቃ የምታስጭን ደንበኛ መስላ ዋጋ ጠይቃ፣ ከዚያ «ያ ቀዩ መኪናችሁ ለመሆኑ ተመልሷል?» ብላለች። ሰውየውም «ወላጆችሽ ደህና ናቸው እህቴ፣ ዕቃውን አራግፎ መጥቷል» አላት። እናትየው አፏን በቆሸሸ እጇ ያዘች። ሳቋ እንዳያመልጣት ነው፤ ወይም ሌላው ነገር። ልጅቷ ጨረሰች። መስመሩ ላይ የከተማው ድምፅ ይሰማል፤ ጥሩምባ፣ በር፣ የሰው ጫማ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ዝቅ ብላ።

«ወዬ።»

«የዚያ ቤት ግድግዳ... ስስ ነው አይደል?»

«ስስ ነው» አለች እናትየው።

ልጅቷ የሆነ ነገር ልትል ጀመረችና ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። የምን ዘር ነው፤ በዚህ ቤተሰብ ነገር ሁሉ ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀረው። እናትየው ጠበቀቻት፤ ከዚያ አዘነችላት። «ሹራብሽ ስስ ነው፤ እሱም እንደዚያው» አለች። ልጅቷ ሳቀች፤ አፍንጫዋን ሳበች። እናትየውም ዕድሜ ልኳን ስትባለው የኖረችውን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን እንደሚል አፏ ላይ ልትቀምሰው አማራት። «በይ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» አለች፤ «ዛፍ ቆሞብኛል።» ዘጋችውም።

ጣፋጭ ነበር፤ መዋሸት አይቻልም። ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ልጆች ይሄን ደስታ ብቻቸውን ሲበሉት ኖረዋል ለካ። ባሏ ከጓሮ ሆኖ የተሰበረውን ቅርንጫፍ ይጎትታል። ሊጨልም ነው። ልጅቷ አዲስ ክፍል ውስጥ ነች፤ ብቻዋን፤ አዲስ ቁልፍ ነው፤ አዲስ ቁልፍ ደግሞ የቆለፈ እየመሰለ አይቆልፍም። አይደለም። አልጠይቅም ብያለሁ። ስልኩን ወደ ድስቱ ወሰደችው፤ ክዳኑን አነሳች፤ ክዳኑን መለሰች። የዘጋችበት እጇ ገና ሳይቀዘቅዝ ደወለች። አንድ ጊዜም ሙሉ አልጮኸም።

«ቆልፌያለሁ» አለች ልጅቷ።

«እኔ ስለ በሩ አልደወልኩም!»

«ታዲያ ስለ ምን ደወልሽ?»

እናትየው ዙሪያውን አየች፤ ድስት፣ ብርጭቆ፣ ጉልበቷ ላይ ተደላድሎ የነበረው ጋዜጣ። «ያንቺን ብርጭቆዎች ፈታሻቸው?» አለች። «አንደኛው ወረቀት ላይ አውቶቡስ ላይ የሚሳፈር ውሻ አለ። ግማሹ እኔ ጋ ነው፤ የት እንደወረደ ያለው ያንቺ ላይ ነው።» መጀመሪያ ሰበብ ነበር፤ ተናግራ ስትጨርስ ግን በእርግጥም ከምንም በላይ ማወቅ የምትፈልገው እሱን መሆኑን አወቀች። ልጅቷ «ቆይ» አለች። ካርቶን ሲጎተት፣ ከዚያ የወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ፤ የጠዋቱ ያው ድምፅ፣ አሁን ግን ያለ ግድግዳ። ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ። እናትየው «ቀስ» ልትል ምላሷን ነከሰች።

«አገኘሁት! ልጀምርልሽ? "ውሻው በመጨረሻ"»

«አታንብቢው!»

«እንዴ?»

«እንዳትነግሪኝ። ይዘሽው ነይ። እኔ ራሴ አነበዋለሁ።»

የልጅቷ ዓይን ግን መስመሩ ላይ እየሮጠ ነው፤ እናት ይሄን በስልክም ታያለች። ከዚያ ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፤ እንደ አባቷ፣ እስኪያስላት ድረስ። «ወይኔ እማዬ፣ ይሄ ውሻ የት ወረደ መሰለሽ...»

«ዝጊው!» ብላ ጮኸች እናትየው። «ስልኩን ዝጊው ነው የምልሽ!»